ካዎ ጦና ጋጋ፤ የብዙ ጎሳዎች አገር የመጨረሻው ንጉሥ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ወላይታ ሶዶ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በተመሠረተበት ወቅት የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከጌዴኦ፣ ከኮንሶ፣ ከአሪ፣ ከቡርጂ፣ ከኮሬና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች በከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከወላይታ ባልደረቦቻቸው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ። ልዩ ልዩ ቋንቋና ባህል ያላቸውን ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት አድርጎ ማሠራት እንደሚቻል ለከተማዋ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ሆኗል።

ጥያቄው ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ከ130 ዓመታት በፊት በዚሁ ምድር የነገሡት የወላይታው የመጨረሻ ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋም ያስተዳድሩ የነበሩት መነሻቸው ልዩ ልዩ የሆነ በርካታ ጎሳዎችን ነበር። የካዎ ጦና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከ1887 ዓ.ም. ጦርነት ጋር በተያያዘ ብቻ ነው። ሆኖም የመሩት መንግሥት እንዴት እንደተገነባ፣ በምን እንደጠነከረና ምን ጉድለት እንደነበረበት ማወቅ ዛሬ ሕዝብን ለማገልገል ለተሰየመ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አለው።

ካዎ የሚለው ቃል በወላይትኛ ንጉሥ ማለት ነው። ካዎ ጦና የተወለዱት በወላይታ ታሪክ የትግሬ ሥርወ መንግሥት እየተባለ ከሚጠራው የነገሥታት ዘር ሲሆን፣ አባታቸው ካዎ ጋጋ ይባላሉ። ከእነርሱ አስቀድሞ በዙፋኑ ላይ ከተቀመጡት መካከል ካዎ አማዶ፣ ካዎ ዳሞቴና ካዎ ጎቤ በሕዝቡ ዘንድ ስማቸው በስፋት ይነሣል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ሚካኤል የሚባል ከትግራይ የመጣ ሰው ነበር። ከዚህ ሥርወ መንግሥት አስቀድሞ አገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት ደግሞ ወላይታ ማላ በሚል ስም የሚታወቁት ነገሥታት ናቸው። ከእነዚህ ነገሥታት ጋር ስማቸው የሚነሣው ሞቶሎሚ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ውስጥ የዳሞት ገዢ ሆነው ተጠቅሰዋል።

የአፈ ታሪኩ ዝርዝር ለታሪክ ተመራማሪዎች የሚተው ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚሆነው ግን የወላይታ ሕዝብ የራሱን ንጉሣዊ ቤተሰብ መነሻ ከሩቅ አገር መጣ ብሎ ለትውልድ ሲያስተላልፍ ይህን እንደ ነውር አለመቁጠሩ ነው። ከውጭ መምጣት ለንግሥና እንኳ እንቅፋት አልሆነም። መጤው በጊዜ ብዛት ወላይታ ሆኗል፤ የመጣበትን የሚያስታውሰው የጎሳ ስሙ ግን አልጠፋም።

ይህ አሠራር በንጉሡ ቤተሰብ ላይ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ወላይታ ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች የሚመደቡ ከ200 የማያንሱ ጎሳዎች አሉት። በርካታዎቹ ጎሳዎች ጥንተ መነሻቸውን ከወላይታ ውጭ እንደሆነ ይተርካሉ። ከኦሞ ማዶ፣ ከአባያ ሐይቅ ዳርቻ፣ ከሰሜን ደጋዎችና ከብላቴ ወንዝ ባሻገር በልዩ ልዩ ዘመናት የመጡ ቤተሰቦች መሬት አግኝተው፣ ቋንቋውን ተምረውና ለካዎው ግብር ገብተው የአገሩ ባለቤት ሆነዋል።

ጎሳዎቹን እርስ በርስ ያስተሳሰረው ዋነኛ ክር ጋብቻ ነው። በወላይታ ባህል የአንድ ጎሳ አባላት እንደ ወንድምና እህት ስለሚቆጠሩ አይጋቡም። ስለዚህ ማንኛውም ወጣት የትዳር ጓደኛውን ከሌላ ጎሳ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ቤት የሁለት ጎሳ ልጆች መገናኛ ሆኖ ኖሯል። አንዱ ጎሳ ከሌላው ጋር ቢጋጭ በሁለቱም ወገን አማች፣ አጎትና የልጅ ልጅ ስለሚኖር ጠቡን ለማብረድ የሚነሣ ሽማግሌ አይጠፋም ነበር። ከመስከረም ወር ጋር ተያይዞ የሚከበረው የጊፋታ የዘመን መለወጫ በዓልም የተጣሉ ሰዎች ታርቀው ወደ አዲሱ ዓመት የሚሻገሩበት፣ ዕዳና ቂም የሚዘጋበት ወቅት በመሆኑ ይህንኑ ትስስር ያጠናክራል።

ካዎ ጦና ዙፋኑን ከአባታቸው ሲረከቡ የተቀበሉት እንዲህ ያለውን አገር ነበር። መቀመጫቸው ከዛሬዋ ሶዶ ብዙም በማይርቀው በዳልቦ ሲሆን፣ ግዛታቸው በምሥራቅ በብላቴ፣ በምዕራብ በኦሞ ወንዝ፣ በደቡብ ደግሞ በአባያ ሐይቅ አካባቢ ይዋሰን ነበር። ሕዝቡ እንሰት፣ እህልና ሥራሥር የሚያመርት፣ በከብት ሀብቱም የታወቀ ነበር። አገሩን ከጠላት ለመከላከል ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ የተሠሩ ኬላዎችም ነበሩ። ከእነዚህ መካከል በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው ኬላ እስከዛሬ ይታወሳል።

ይሁን እንጂ የካዎ ጦና መንግሥት ሁሉን በእኩልነት ያቀፈ ነበር ማለት አይቻልም። ከሩቅ የመጣውን ገበሬና ጦረኛ በቀላሉ የተቀበለው ማኅበረሰብ በመካከሉ የሚኖሩትን የእጅ ባለሙያዎች በእኩል ዐይን አላየም። ጭናሻ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች፣ ደጌላ የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎችና ወጋጭያ የሚባሉት ቀጥቃጮች ከሌላው ጋር በጋብቻ አይተሳሰሩም፤ በማዕድና በማኅበራዊ ኑሮም ይገለሉ ነበር። የጦረኛው ጦር የተሠራው በቀጥቃጩ እጅ ነው። በየቤቱ የሚበስለው ምግብም የሚበስለው ሸክላ ሠሪዋ ባበጀችው ድስት ነበር። ያም ሆኖ ሙያቸው ለአገር የሚበጅ መሆኑ ክብር አላስገኘላቸውም። በጦርነት ተማርከው ወይም ተሸጠው በባርነት የሚኖሩ ሰዎችም ነበሩ። የባሪያ ንግድ በዚያ ዘመን በወላይታም ሆነ በአጎራባች ግዛቶችና በመላው ኢትዮጵያ የተለመደ ነበር።

ከጎረቤት ሕዝቦች ጋር የነበረው ግንኙነትም እንዲሁ ሁለት ገጽታ ነበረው። ወላይታ ከዳውሮ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከሲዳማ ጋር ይገበያያል፤ በጋብቻም ይተሳሰራል። በሌላ በኩል ጦርነትም ነበር። ከኦሞ ማዶ በዳውሮ ምድር የሚገኘው በካዎ ሃላላ ስም የሚጠራው ረጅም የድንጋይ ካብ የዚያን ዘመን ሥጋት የሚያሳይ ሕያው ምስክር ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአፄ ምኒልክ መንግሥት ግዛቱን ወደ ደቡብ በሚያሰፋበት ወቅት የአካባቢው ነገሥታት በሁለት ምርጫ መካከል ወደቁ። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር በሰላም ገብተው ዓመታዊ ግብር በመክፈል የውስጥ አስተዳደራቸውን ለማቆየት ችለዋል። ካዎ ጦና ግን የነጻነታቸውን መንገድ መረጡ። ወደ ወላይታ የዘመቱት የሸዋ ጦር አዛዦችም ቀደም ሲል በተለያየ ጊዜ ያደረጉት ሙከራ አገሩን ለማስገበር አላስቻላቸውም።

በዚያን ጊዜ የሰሜኑና የመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በታሪክ ክፉ ቀን ተብሎ ከሚታወቀው ረሃብ ገና በማገገም ላይ ነበር። የከብት በሽታ ያደረሰው እልቂት ገበሬውን በሬ አሳጥቶት ነበር። በሌላ በኩል በውጫሌ ውል የተነሣ ከኢጣሊያ ጋር የተፈጠረው አለመግባባት እየከረረ በመሄዱ መንግሥት ለሠራዊቱ ስንቅና ሀብት ያስፈልገው ነበር። በከብትና በሰብል የታወቀችው ወላይታ የዘመቻ ዒላማ እንድትሆን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እንደሆነ የታሪክ ጸሐፍት ያስረዳሉ።

በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አፄ ምኒልክ ራሳቸው ከፍተኛ ሠራዊት አሰልፈው ወደ ወላይታ ዘመቱ። የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋር ጦራቸውን ይዘው ተሳትፈዋል። በዘመቻው ላይ የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም ያየውን ጽፎ በመጽሐፍ በማሳተሙ ስለ ጦርነቱ የዐይን ምስክር ዘገባ ሊገኝ ችሏል። የወላይታ ሰዎች በአብዛኛው በጦርና በጋሻ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ደግሞ በጠመንጃ ተዋግተዋል። ውጊያው በዘመኑ ከተካሄዱት የግዛት ማስፋፋት ዘመቻዎች ሁሉ እጅግ ብዙ ደም ከፈሰሰባቸው አንዱ ሆኖ በታሪክ ተመዝግቧል። ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ከብት ተነዳ፤ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ ተማርከው ተወሰዱ።

ካዎ ጦና በውጊያው ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። በእርሳቸው መማረክ የወላይታ ነገሥታት ዘመን አከተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1890 ዓ.ም. የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። ካዎ ጦና በዙፋን ላይ የቆዩት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ቢሆንም፣ ስማቸው ከሥርወ መንግሥቱ ነገሥታት ሁሉ ይልቅ በሕዝቡ አንደበት ሲነገር ይኖራል።

ከጦርነቱ በኋላ በተተከለው ሥርዓት መሬቱ ለሹማምንትና ለሠራዊቱ ተከፋፈለ፤ ገበሬውም ገባር ሆነ። በዳሞታ ግርጌ የተመሠረተችው ሶዶ የሠራዊቱና የሹማምንቱ መቀመጫ ሆና አደገች። በከተማዋ የሚነገረው ቋንቋና በዙሪያዋ ባለው ገጠር የሚነገረው ቋንቋ የተለያየ ነበር፤ ገበሬውም አቤቱታውን ለማቅረብ አስተርጓሚ መፈለግ ነበረበት። ሕዝቡ ራሱን ወላይታ እያለ ሲጠራ በመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች መዝገብ ላይ ግን ለረጅም ዓመታት ወላሞ ተብሎ ተጻፈ። ይህ አጠራር በወላይታ ተወላጆች ዘንድ እንደ ስድብ የሚቆጠር ሲሆን፣ ከመንግሥት አጠራር የወጣው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነው። የገባርና የጭሰኛ ሥርዓት ደግሞ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አክትሟል። ለአንድ ሕዝብ በራሱ ስም መጠራት ከመሬት ባለቤትነት ያልተናነሰ ጥያቄ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህ ታሪክ ዛሬ ሲነገር ሁለት ዓይነት አደጋ ይገጥመዋል። አንዱ ወገን የአገር አንድነት እንዳይጎዳ በሚል ሥጋት የደረሰውን በደል ጨርሶ ሊያልፈው ይፈልጋል። ሌላው ወገን ደግሞ በደሉን ብቻ እየነቀሰ የዛሬውን ትውልድ ተጠያቂ ሊያደርግበት ይከጅላል። ሁለቱም መንገዶች የካዎ ጦናን አገር ሙሉ መልክ አያሳዩም። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ላይ ከዘመቱት መካከል ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጅማና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ ሰዎች ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች ልጆችና የወላይታ ልጆች ከዚያ ወዲህ ተጋብተዋል፤ በአንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ በአንድ ዕድርም ተረዳድተዋል። በደሉን በግልጽ መናገርና አብሮ መኖርን መቀጠል እርስ በርስ የሚጋጩ ጉዳዮች እንዳልሆኑ የሶዶ ነዋሪዎች ኑሮ ያሳያል።

ብዝኃነትን በቅጡ አለመያዝ የሚያስከትለው ጉዳት በቅርብ ዘመንም ታይቷል። ወላይታ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር በነበረበት ጊዜ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን በማቀላቀል ወጋጎዳ የሚል ስም የተሰጠው የትምህርት ቋንቋ ተዘጋጅቶ ነበር። አራቱ ቋንቋዎች በእርግጥም እጅግ ይቀራረባሉ። በአንድ መጽሐፍ ማስተማር ወጪ ይቆጥባል የሚለው ሐሳብም ለቢሮ ሥራ የሚመች ይመስላል። ነገር ግን የቋንቋዎቹ ባለቤቶች በጉዳዩ ላይ በበቂ ሁኔታ አልተማከሩም። በሶዶ ተማሪዎችና ነዋሪዎች ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ በተፈጠረው ግጭትም የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻም መጽሐፎቹ ከትምህርት ቤት ተነሡ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

የወጋጎዳ ጉዳይ ለመንግሥት ሠራተኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ሕዝቦችን ለማቀራረብ ታስቦ የተሠራ ሥራ የባለቤቶቹን ስምና ቋንቋ የሚያደበዝዝ ሲሆን ተቃራኒውን ውጤት ያመጣል። የጥንቱ የወላይታ ሥርዓት ከውጭ የመጡ ጎሳዎችን ያዋሐደው የጎሳ ስማቸውን ሳያስጥል እንደነበር ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

የወላይታ ተወላጆች በበኩላቸው ከቀያቸው ርቀው በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ይኖራሉ። የመሬት ጥበትና የሕዝብ ብዛት ያስጨነቃቸው ወጣቶች ወደ ወንጂና ወደ ሌሎች የስኳር ልማቶች፣ ወደ አዋሽ ሸለቆ እርሻዎች፣ ወደ ሐዋሳና ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፉ ኖረዋል። በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. በሐዋሳ በተከሰተ ግጭት የወላይታ ተወላጆች ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። ወላይታ በአገሩ ብዙኃን ሲሆን በሌላ ቦታ ጥቂት ነው። በሶዶ የሚኖረው የሌላ ብሔረሰብ ተወላጅ የሚፈልገው መከበርና ደኅንነት በሌላ ከተማ የሚኖረው የወላይታ ልጅ ከሚፈልገው የተለየ አይደለም።

በካዎ ጦና ዘመን የነበረው ጉድለትም ገና ጨርሶ አልታረመም። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከልክሏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። ያም ሆኖ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ቀጥቃጮች በጋብቻና በማኅበራዊ ኑሮ የሚደርስባቸው መገለል በአንዳንድ አካባቢዎች ዘልቋል። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር በዐውደ ርእይ የሚቀርበው ጌጠኛ ማሰሮ የብዙዎችን አድናቆት ያገኛል፤ ማሰሮውን ያበጀችው እናት ግን በሠፈሯ ሰርግ ቤት የምትቀመጥበት ቦታ ገና የተለየ ሊሆን ይችላል። ብዝኃነትን መቀበል የሚለካው በዚህ ነው። ከሩቅ የመጣውን እንግዳ ማክበር የማይናቅ ነገር ቢሆንም ከጎን የሚኖረውን ጎረቤት እኩል ሳያዩ ሙሉ አይሆንም።

ይህን ለማቃናት የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው በመንግሥት ሠራተኛው እጅ ነው። የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ የልማት ኮሚቴ ሲያቋቁም የሸክላ ሠሪዎችን ቤተሰብ ይጠራ እንደሆነ፣ ርእሰ መምህሩ የእነርሱ ልጆች በክፍል ውስጥ በስም ማጥፋት እንዳይሸማቀቁ ይጠብቅ እንደሆነ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወላይትኛ ብቻ የሚናገሩትን አዛውንት ወይም ከኮንሶ የመጣውን ባለጉዳይ በሚገባ ታስተናግድ እንደሆነ በየዕለቱ የሚታይ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ከመላው አገሪቱ የሚመጡ ተማሪዎችን ስለሚቀበል፣ ከተማዋ ብዝኃነትን የምታስተናግድበት አንድ ሌላ መድረክ ሆኗል።

የካዎ ጦና መንግሥት የቆመው መነሻቸው ልዩ ልዩ በሆኑ፣ በጋብቻና በእርቅ በተሳሰሩ ጎሳዎች ላይ ነበር። ሥርዓቱ ለእጅ ባለሙያውና ለባሪያው በሩን ዘግቶ ነበር። ፍጻሜው ደግሞ በጦር ኃይል የተገኘ አንድነት በሕዝብ ልብ ውስጥ ምን ያህል ዘመን የሚቆይ ቁስል እንደሚተው አሳይቷል። ዛሬ በዳሞታ ግርጌ ከ30 በላይ ብሔረሰቦችን የሚያገለግሉ መሥሪያ ቤቶች ቆመዋል። በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የጥንቱን ሥርዓት ጥንካሬ ወርሰው ጉድለቱን ቢያርሙ፣ ከመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ታሪክ ሊገኝ የሚገባውን ትምህርት አገኙ ማለት ይቻላል።